ሲረጋጉ እነግርዎታለሁ

ጎረቤታችን ፌቨን መኪናዋ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ወንበሩ ይመዝናታል። ቀበቶው ደረቷ ላይ ሲያርፍ የልቧን ምት ያዳምጣል። መሪው ትንፋሿን ያሸታል፣ ከፊቷ ያለው መስታወት ደግሞ ዓይኗ መክበድ አለመክበዱን ያያል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ እሷ ጫማዋን ታራግፋለች፣ ቦርሳዋን ወደ ኋላ ትወረውራለች። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋችው ቀጭን መብራት ትበራለች። ሰማያዊ ከሆነች ሹፌሩ ተረጋግቷል፤ ቢጫ ከሆነች አልተረጋጋም። እናንተም ታውቋታላችሁ፣ ዛሬ የሌለችበት መኪና የለም። እኔ ልጅ ሳለሁ መኪና ከሰው የሚፈልገው ነዳጅ ብቻ ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሁለት ሺህ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ናሆም እባላለሁ፤ ሐዋሳ ውስጥ የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ሰብሳቢ ሲባል ድንኳንና ወንበር የሚጠብቅ ሰው ይመስላችኋል። እሱም አለ። ትልቁ ሥራ ግን መርዶ መንገር ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ድሮ ለማንም አይብራራም ነበር። አሁን ብዙው ሰው ከመኪናው ስለሚሰማ ልንገራችሁ። ዘመድ የሞተበት ሰው ሥራ ቦታ ላይ እያለ አይነገረውም። ወደ ቤቱ ይገባል፣ ራቱን ይበላል፣ ይተኛል። ጎሕ ሲቀድ ወዳጅ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። ቢወድቅ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ግራና ቀኙ ይቆማሉ። ከዚያ አንዱ ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው። በመሐል ያለችው ያቺ ሌሊት ግን ለሰውየው የምንሰጠው ስጦታ ናት፤ ዓለሙ ሳይጎድልበት የሚተኛት የመጨረሻ እንቅልፍ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመቂ ስልክ ተደወለልኝ። የዳግም ሚስት ነበረች። ዳግም የፌቨን ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ እሷን ያሳደጋት እሱ ነው። «ጋሽዬ» ነበር የምትለው፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቷትም ስሙን ጠርታው አታውቅም። ሽንኩርት እርሻው ውስጥ ቆሞ ሠራተኞቹን እያነጋገረ ልቡ ቀጥ አለ።

«ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው፣ ጋሽ ናሆም» አለችኝ ሚስቱ። «ለፌቨን እናንተ ንገሯት። እኔ አልችልም።»

«እኛ እንነግራታለን» አልኳት። «አንቺ ራስሽን ያዥ።»

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ እትዬ ማህሌት ሄድኩ። እትዬ ማህሌት የፌቨን የግድግዳ ጎረቤት ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች ግን አታምንም። ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ከመኪናው እንዳትሰማ» አለች። 

ለምን እንዳለች ልንገራችሁ። የፌቨን ባል የሞተ ጊዜ የነገራት መኪናው ነበር። ይርጋለም፣ የምትሠራበት የአቦካዶ ዘይት ፋብሪካ በር ላይ፣ መብራቷ ሰማያዊ ሆና፣ ወንበሩ እየሞቀ፣ በለስላሳ ድምፅ ነገራት። ጥበቃው ሲመሽ ነው ያገኛት። እንደተቀመጠች ነበረች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ሰፈሩ ድንኳን ተክሎ ሲጠብቃት እንግዳ ይመስል ገብታ ከሰው መሐል ተቀመጠች። ያን ዓመት እንባ ከዓይኗ ወርዶ ያየ የለም። እትዬ ማህሌት ያኔ «ልቅሶውን መኪናው ወስዶባታል» ብላ ነበር። ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሆንባት ነው ጭንቃችን።

መላ መታን። የባሏ ሞት የመጣው በጋራ ስማቸው በተያዘው መኪና በኩል ነበር። ዳግም ግን ሌላ ከተማ ያለ፣ ሌላ መኪና ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የምንፈራው ስልኳን ብቻ ነው ብለን ተስማማን። ልጇ ኤዶም ሰምታ ከምትማርበት ከጅማ ተነሥታለች፣ ሳይነጋ ትደርሳለች። እስከዚያ እኛ ከፌቨን ላንለይ ነው። ይርጋለም ድረስ በአውቶቡስ ሄደን፣ በራሷ መኪና ይዘናት ልንመለስ።

ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው ወሬው ደርሶት ኖሮ ፊቱን አዞረ። እትዬ ማህሌት «ፊትህን አስተካክል፣ ለሠርግ የመጣን አስመስል» አለችው።

ፌቨን ስታየን ደስ አላት። «እናንተ ደግሞ ከየት ተገኛችሁ?»

«የታመመ ሰው ልንጠይቅ መጥተን ነው» አልኩ። «መመለሻ አጣን።»

«ማን ታመመ?»

«አታውቂውም» አለች እትዬ ማህሌት ፈጠን ብላ። «ተሽሎታል። ይልቅ ስልክሽን ስጪኝ፣ የኔ ጠፍቶብኛል።» ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ የሚያወጣው አልነበረም።

እኔ ጋቢና ገባሁ፣ እትዬ ማህሌት ከኋላ። ወንበሩ መዘነን። ቀበቶው አዳመጠን። ፌቨን ጫማዋን አራገፈች። ከዚያ መኪናው ተናገረ።

«ወይዘሮ ፌቨን፣ እንደምን ዋሉ። የቤተሰብ መልእክት አለ። ሲረጋጉ እነግርዎታለሁ።»

የእትዬ ማህሌት ጣቶች በወንበሩ ጎን መጥተው ጎኔን ቆነጠጡኝ።

እንዴት እንደደረሰው በዚያ ሰዓት አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው። መኪና ለልደትም፣ ለሠርግም፣ ለሞትም የሚለው ያንኑ ነው፤ ሹፌሩ ሳይረጋጋ የቤተሰብ ወሬ መንገር ደግሞ በሕግ ተከልክሎበታል። መብራቷ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ እስክትሆን ዝም ይላል። ከሆነች በኋላ አንዲት ደቂቃ አይታገሥም።

የፌቨን እጆች መሪው ላይ ቀሩ። «የኤዶም ፈተና ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ውጤት የሚወጣው ሰሞኑን ነው።» ፍሬቻ አሳየችና ወደ አስፋልቱ ወጣች።

መብራቷ ገና ቢጫ ነበረች፣ ፌቨን ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጮህባት የዋለች ናትና። መኪናው ሥራውን ጀመረ። ወንበሯን ከወገቧ በኩል አሞቀላት። የሎሚ ሽታ ለቀቀ። ፀሐይዋ እንዳታስቸግራት መስታወቱን አጠቆረ፣ ዋሽንት ከሩቅ እንደሚሰማ አድርጎ ከፈተ። አፖስቶ ሳንደርስ የመብራቷ ግራ ጫፍ ሰማያዊ መሆን ጀመረ።

የተናደደ ሰው አይረጋጋም ብዬ አሰብኩ። ፌቨንን ግን ተናድጄባት አላውቅም፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

«ፌቨን» አልኳት፣ «አነዳድሽ ግን እየባሰበት ነው።»

ሳቀች። «ጋሼ፣ መሪውን እኮ የያዝኩት ለወጉ ነው።»

ሳቅ ደግሞ ያረጋጋል ለካ። ሰማያዊው ወደ መሐል ገፋ።

«እኔ የምለው» አለች እትዬ ማህሌት ከኋላ፣ «ያን የዕድሩን ትልቅ ድስት እስካሁን አልመለስሽም።»

«መልሻለሁ እንጂ።»

«እጀታው ተሰብሮ ነው የመለስሽው። እሱ መመለስ ይባላል?»

ፌቨን በመስታወቱ አየቻት። «እትዬ ማህሌት፣ እጀታው ሲሰጠኝም ተሰብሮ ነበር። አንቺው ነሽ የሰጠሽኝ።»

«እኔ ደህና ድስት ነው የሰጠሁሽ። እናትሽ በነበረች ጊዜ ዕቃ በጤናው ይመለስ ነበር።»

«እናቴን ለድስት ታነሻታለሽ?»

መብራቷ ተመልሳ ቢጫ ሆነች። ትንሽ ተነፈስኩ። ልጆቼ፣ እትዬ ማህሌት ያችን እናት ከማንም በላይ የምትወድ ሴት ናት። 

«ወይዘሮ ፌቨን» አለ መኪናው፣ «የኋላ ተሳፋሪ ንግግር እየረበሸዎት ነው። ድምፁን እቀንሳለሁ።»

አዎ፣ ቀነሰው። እትዬ ማህሌት ስለ ድስቱ እየተናገረች ነው፣ እኔ እሰማታለሁ፤ ፌቨን ግን አትሰማትም። የጭንቅላት መደገፊያው ጆሮዋን ከበበላት። መኪናው ከፈለገ ለእሷ ብቻ ሊያንሾካሹክ የሚችልበት ቦታ ደግሞ ያው ነው። እንግዲህ መልእክቱን ሲነግራት እኛ እንኳ አንሰማም ማለት ነው፤ የምናየው ትከሻዋን ብቻ ነው።

እጅጌዋን ጎተትኩ። ወደኔ ዘንበል አለች፣ ጆሮዋ ከመደገፊያው ወጣ። «ምን አልክ ጋሼ?»

«አሞኛል።»

«የት?»

«ጥርሴን።»

«አቶ ናሆም ጥርሳቸውን አላመማቸውም» አለ መኪናው። «የልባቸው ምት ግን ከፍ ብሏል። ወደ ጤና ጣቢያ ልታጠፍ?»

«አንተን የጠየቀህ የለም» አልኩት።

«ዝም በለው ጋሼ፣ ከሱ ጋር አትጣላ» አለች ፌቨን። እንደዚያው ወደኔ ዘንበል እንዳለች አንድ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ነዳች። ወደ መደገፊያው አልተመለሰችም። ጥርሴ አሳስቧት ነው ብዬ ነበር።

ሞሮቾ ስንደርስ ነገር አለቀብን። አነዳዷን ሰድቤያለሁ፣ የፋብሪካዋን ዘይት አጣጥያለሁ፣ ኤዶምን አጉል አሞላቀቅሻት ብያለሁ። ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠችኝ፣ ከእያንዳንዱ በኋላም ዝም አለች። በዝምታዋ ውስጥ ዋሽንቱ ይነፋል፣ ሎሚው ይሸታል። ሰማያዊው እንደ ውኃ እየሞላ ይመጣል።

ከኋላ የሲቃ ድምፅ ሰማሁ።

«የኋላ ተሳፋሪ እያለቀሱ ነው» አለ መኪናው።

«ጉንፋን ነው» አለች እትዬ ማህሌት።

«ጉንፋን አይደለም።»

ፌቨን ቀና ብላ በመስታወቱ አየቻት። ረጅም አየቻት። እኔ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ጠበቅሁ። ጥያቄው አልመጣም። ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰችና «ክረምት ሲገባ ጉንፋኑ ይበዛል» አለች።

ወደ ቱላ ስንቃረብ ከመብራቷ ላይ የቀረው ቢጫ በበሩ በኩል፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ነበር።  እትዬ ማህሌት በጉልበቷ ወንበሬን ገፋችኝ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ በቃ ተሸነፍን ብዬ።

በዚህ ጊዜ ፌቨን ክላክሷን ተጫነችው። ሣር የጫነ የጭነት መኪና ከፊታችን ነበር። መስኮቷን ወደ ታች አወረደች፣ አጠገቡ ስንደርስ አንገቷን አውጥታ ወረደችበት። «አንተ ዓይን የለህም? መንገድ የአባትህ ነው? ሰው ልትጨርስ ነው?»

ሹፌሩ ሳንድዊቹን እየበላ ነበር። «እናቴ፣ ምን አደረግኩ?» አላት። «እኔ እኮ ቆሜያለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ዳር ይዞ ቆሟል።

«መቆምስ እንዲህ ነው?» ብላ አለፈችው። መብራቷ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆነች።

ከዚያ በኋላ አላረፈችም። ቀበሌውን ሰደበች። የአቦካዶ ነጋዴዎችን ሰደበች። የእትዬ ማህሌት ድመት አጥሯን ዘላ ጎመኗ ላይ እንደምትተኛ አነሣች፤ እትዬ ማህሌትም ነፍሷ መለስ አለና «ድመቴ ሥነ ሥርዓት ያላት ናት፣ ጎመንሽ ነው ሜዳ ላይ የተዘራው» አለቻት። መኪናው ሎሚውን ጨመረ፣ ዋሽንቱን በበገና ለወጠ። ፌቨን በገናውን አጠፋችው። «ወይዘሮ ፌቨን፣ መልእክቱ» ሲል፣ «ሳልረጋጋ አትነግረኝም አይደል? አልተረጋጋሁም» አለችው። እኔ በሆዴ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ያን የጭነት መኪና እዚያ ያቆመልን እሱ ነው ብዬ።

ቤቷ በር ላይ ስንቆም መብራቷ ቢጫ ነበረች። ፌቨን ቀበቶዋን ፈታች። ቀበቶው ሲፈታ ማዳመጡ ያበቃል። ወጥታ በሩን ልትዘጋ ስትል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«መድረስዎን እንደ ሁልጊዜው ለአቶ ዳግም መኪና አሳውቄያለሁ። መልካም ምሽት።»

አሁን ገባኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድሟ መኪናዋን ከመኪናው ጋር አዛምዶት ኖሯል። ሌላ ነገር ፈልጎ አልነበረም፤ በየማታው እህቴ በሰላም ገባች ሲባል ሊሰማ ነው። በዚያው መንገድ ነው የሱ ሞት ወደዚህ የመጣው።

ፌቨን እጇን በመኪናው ጣራ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ቆርቆሮውን እንደ ከብት ጀርባ አንድ ጊዜ ዳበሰችው።

«ራትሽን ብዪ፣ እሺ?» አለቻት እትዬ ማህሌት።

«እበላለሁ» አለች። «እተኛለሁም። ደህና እደሩ።» ስልኳን አልጠየቀችም።

ጎሕ ሲቀድ ሰፈሩ በሯ ላይ ተሰበሰበ። ኤዶም ደርሳለች፣ ዓይኗ አብጧል፤ እትዬ ማህሌት እጇን ይዛታለች። ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ በእግር ጣቱ ይራመዳል። እኔ የምናገረውን ቃል በአፌ ይዤ አንኳኳሁ።

በሩ አልተቆለፈም ነበር።

ፌቨን ሳሎኑ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን አስራለች፣ ጥቁር ለብሳለች። ምንጣፉን ጠቅልላ ግድግዳው ጋ አስደግፋዋለች፣ ለሰው እንዲመች። ግራና ቀኟ ሁለት ባዶ ወንበሮች አስቀምጣለች። ለሚይዟት ሰዎች።

ደጃፉ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ግባ ጋሼ» አለችኝ። «ኤዶምዬ፣ ነይ እዚህ ጋ። እትዬ ማህሌት፣ አንቺ በዚህ በኩል።»

ተቀመጡላት። ክንዶቿን ሰጠቻቸው።

«ያወቅሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። 

«ገና ስንነሣ። መኪናው የሚላትን ያችን ቃል እኮ ባሌ የሞተ ቀን ሰምቻታለሁ፣ ጋሼ።» ዓይኗ ሞላ ግን አልፈሰሰም፣ ይዛዋለች። «ደግሞ አንተ ሰው ሰድበህ ታውቃለህ? እትዬ ማህሌት እናቴን በክፉ ታነሣለች? ሁለት ሽማግሌ ለኔ ብላችሁ ስትቃጠሉ እያየሁ እንዴት ልረጋጋ?»

«ማን እንደሆነስ?»

«ማን እንደሆነ አላውቅም። ሌሊቱን ሁሉንም በየተራ ሳስብ አድሬያለሁ። ያኔ በሩ ላይ ስሙን ሲጠራ ልቤ ወደሱ ሄደ፣ ግን እንቢ አልኩት። መኪናው ቢነግረኝ ያው እንደዚያ ቀን ደርቄ እቀራለሁ። ከእናንተ አፍ ነው የምሰማው።» ቀና አለች። «አሁን ንገረኝ።»

 ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። «ፌቨን ልጄ» አልኳት፣ «ጋሽዬሽ ዐረፈ።»

የጮኸችው ጩኸት ከደጅ የቆሙትን ሁሉ አስገባቸው። ሁለቱ ሴቶች ባይይዟት ወድቃ ነበር። ወንድሟን በስሙ ጠርታ አለቀሰች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀጥሎ የባሏን ስም ጠራች። ያን ስም ስትጠራ እትዬ ማህሌት ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሳሎኑ ሞላ፣ ግቢው ሞላ። ሁለቱን ሰዎች አብረን አለቀስንላት።

ረፈድ ሲል ወደ መቂ ለቀብር ተነሣን። እኔ መሪውን ያዝኩ፣ ፌቨን ከኋላ በኤዶምና በእትዬ ማህሌት መሐል ተቀመጠች። ወንበሩ መዘናት።

«ወይዘሮ ፌቨን፣ ዛሬ ከኋላ ተቀምጠዋል» አለ መኪናው። «የቤተሰብ መልእክት አለ። ሲረጋጉ እነግርዎታለሁ።»

«ሰው ነግሮኛል» አለች።

መኪናው መለሰ። «መልእክቱን እዘጋለሁ። የነገረዎትን ሰው ስም ይንገሩኝ።»

ፌቨን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሰዎች ድንኳኑን እየተከሉ ነበር፤ አንዲት ሴት ያን እጀታው የተሰበረ ድስት በሁለት እጇ አቅፋ ታልፋለች።

«ጋሽ ናሆም» አለች። «እትዬ ማህሌት። ልጄ ኤዶም። እዚያ ካስማ የሚመቱት፣ ያቺም ድስት የያዘችው…»

«መያዝ የምችለው አንድ ስም ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አትያዘው።»

የሎሚ ሽታ መጣ። ወንበሩ መሞቅ ሲጀምር «እሱንም ተወው» አለችና መስኮቷን ከፈተች። መብራቷ እስከ መቂ ድረስ ቢጫ ነበረች፤ ማናችንም ቢጫው እንዲጠፋ አልፈለግንም።